አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ማዳረስ

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚያስፈልግ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ምንባቡን በምታነቡበት ጊዜ ሐሳቦቹ እንዴት እንደ ተያያዙ ልብ በሉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ የሩዝ አዝመራ የሚሰበሰበው የክረምቱ ውሃ ከመሬቱ ላይ ከሸሸ በኋላ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያረሰርሱት በዚህ ሜዳ ገበሬው ሩዙን አጭዶና ወቅቶ ወደ ቤቱ ሲያስገባ፣ ፍሬው ገና ከነቅርፊቱ ነው። እንዲህ ያለው ሩዝ ለዘር ይሆናል፤ ለድስትና ለምጣድ ግን አይሆንም። ስለዚህ ወደ መፈልፈያ ማሽን ይወሰድና ቅርፊቱ ይለቃል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን መፈልፈያ ገዝቶ በጓሮው አይተክልም። በወረታ ከተማ ያለ አንድ መፈልፈያ የብዙ ቤተሰቦችን ሩዝ ያዘጋጃል፤ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ሸማችም የሚገዛው ተፈልፍሎ በጆንያ የታሸገውን ነው። አድካሚው ሥራ በአንድ ቦታ ይከናወናል፤ ጥቅሙ ግን ለብዙዎች ይዳረሳል።

በኮምፒዩተር ሥራም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አሠራር አለ። ይኸውም አንድን ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አዘጋጅቶ፣ አሽጎና አረጋግጦ፣ ተመሳሳይ ለሆኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች ማዳረስ ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማም ይህ አሠራር እንዴት እንደሚከናወንና ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ማስረዳት ነው።

ሀ. ምንጭ ጽሑፍና የተዘጋጀ ፕሮግራም

ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በመጀመሪያ የሚጻፉት፣ ሙያውን የተማረ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ይህን ጽሑፍ ምንጭ ጽሑፍ እንለዋለን። ፕሮሰሰር የተባለው የኮምፒዩተር ክፍል ግን ምንጩን ጽሑፍ በቀጥታ አይረዳም፤ የሚረዳው ለእርሱ በተወሰኑ አጫጭር ትእዛዞች የተገለጸውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ሲ በተባለው ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ ወደነዚህ ትእዛዞች የሚለውጠው ኮምፓይለር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ምንጩን ጽሑፍ ከነቅርፊቱ ባለው ሩዝ፣ ኮምፓይለሩን በመፈልፈያው፣ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ደግሞ በተፈለፈለው ሩዝ ልንመስላቸው እንችላለን።

በዚህ ንጽጽር ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። የተፈለፈለ ሩዝ ተበልቶ ያጠግባል፤ ተዘርቶ ግን አይበቅልም። የተዘጋጀ ፕሮግራምም እንደዚሁ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ስሕተት ሲገኝበት ለማረም ወይም አዲስ ነገር ለመጨመር ግን ወደ ምንጩ ጽሑፍ መመለስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ የተዘጋጀውን ብቻ ይዞ ምንጩን የጣለ ሰው፣ ሩዙን ሁሉ አስፈልፍሎ ለከርሞ ዘር ያላስቀረ ገበሬን ይመስላል።

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ከፍ ያለ ግምት ከተሰጠባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ሊኑክስን በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ሥርዓቱ ከ1992 ጀምሮ የሚሠራጭበት ፈቃድ፣ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ለሌላ የሚሰጥ ሁሉ ምንጩንም ጽሑፍ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በመሆኑም ተጠቃሚው ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል፤ የተዘጋጀውን ለዕለት ሥራ፣ ምንጩን ደግሞ ለማረምና ለማሻሻል።

ለ. አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ለምን ይጠቅማል?

በወረታ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት 30 ተመሳሳይ ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። ሁሉም በሊኑክስ ይሠራሉ። ለሒሳብ ትምህርት የሚያገለግል አንድ ፕሮግራም በሁሉም ላይ እንዲኖር ተፈለገ። የፕሮግራሙ መጠን 200 ሜጋባይት ነው፤ ከምንጩ ለማዘጋጀት ደግሞ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን ለብቻው ከኢንተርኔት ቢያወርድ፣ በጠቅላላው 6,000 ሜጋባይት ይወርዳል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያዘጋጅም 60 የኮምፒዩተር ሰዓት ይባክናል። ኮምፒዩተሮቹ ሥራውን በአንድ ጊዜ ቢጀምሩት እንኳ፣ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ የሁሉም ድካም መና ይቀራል። በአንጻሩ ግን ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ወርዶ ቢዘጋጅ፣ የሚወርደው 200 ሜጋባይት፣ የሚፈጀውም ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በፍላሽ ወደ ቀሪዎቹ 29 ኮምፒዩተሮች ሲገለበጥ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው ጊዜ አምስት ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ 60 ሰዓት የሚጠይቀው ሥራ ከሰባት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ከጊዜና ከገንዘብ ቁጠባ በላይ የሆነም ጥቅም አለ። ሁሉም ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ዕትም ስለሚይዙ፣ መምህሩ በአንደኛው ላይ ያሳየው ነገር በሌሎቹም ላይ እንደዚያው ይሠራል። በአንዱ ላይ የተገኘውም ስሕተት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሊታረም ይችላል።

ሐ. ኮምፒዩተሮቹ በእርግጥ ይመሳሰላሉን?

ይህ አሠራር የሚሳካው ኮምፒዩተሮቹ በመልክ ሳይሆን በባሕርይ ሲመሳሰሉ ነው። ለዚህም በአገራችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ኤክስኦ የተሰኙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን አሠርቶ ነበር፤ በ2008 በሺዎች የሚቆጠሩት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ታደሉ። ኤክስኦ የሚሠራው ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ነበር። የመጀመሪያው ሞዴል ፍጥነቱ 433 ሜጋኸርትዝ የሆነ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ጊዜያዊ ማስታወሻና 1 ጊጋባይት ቋሚ ማከማቻ ነበረው። የአንዱ አሠራር ከሌላው የማይለይ ስለ ነበረ፣ መላው ሥርዓት አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ በፍላሽ ይቀመጣል። ሥርዓቱ የተበላሸበትን ኮምፒዩተር ለመጠገን ፍላሹን ሰክቶ፣ በስክሪኑ አጠገብ ያሉትን አራት የጨዋታ ቁልፎች ተጭኖ በመያዝ ማብራት ይበቃ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኤክስኦ 1.75 የተባለው ሞዴል ወጣ። ይህ ሞዴል በውጭ ሲታይ ከቀድሞው ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበር፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ግን ኤክስ86 ከሚባለው ወገን መሆኑ ቀርቶ አርም ከሚባለው ወገን ሆነ። የሁለቱ ወገኖች ትእዛዞች የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ ለቀድሞው ሞዴል የተዘጋጀ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ሊሠራ አይችልም። ምንጩ ጽሑፍ አንድ ቢሆንም ለአዲሱ ሞዴል እንደገና መዘጋጀት ነበረበት። ከዚህም መልክን አይቶ መፍረድ እንደማይገባ እንረዳለን።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች መመርመር አለባቸው።

አንደኛ፣ የፕሮሰሰሩ ወገን ነው። ከላይ እንደተገለጸው፣ ለአንዱ ወገን የተዘጋጀ ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው። ከአንድ ወገን የሆኑ ፕሮሰሰሮችም ቢሆኑ አዲሶቹ አሮጌዎቹ የማያውቋቸው ተጨማሪ ትእዛዞች አሏቸው። ኮምፓይለሩ እነዚህን አዳዲስ ትእዛዞች እንዲጠቀም ከታዘዘ፣ የተዘጋጀው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ይፈጥናል፤ በአሮጌው ላይ ግን የማያውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥም ይቆማል።

ሦስተኛ፣ የሥርዓቱ ዕትም ነው። ፕሮግራሞች ሁሉን ነገር ራሳቸው አይሠሩም፤ ላይብረሪ የሚባሉ የጋራ አጋዥ ፋይሎችን ይጠቀማሉ። በአዲስ ላይብረሪ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ አሮጌ ላይብረሪ ወዳለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል። የሥርዓቱ ዋነኛ ላይብረሪ ግን በአሮጌው ዕትም ላይ የተዘጋጀ ፕሮግራም በአዲሱም ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች አንድ ቀላል ደንብ ይከተላሉ፤ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጁት ከኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ሥርዓቱ አሮጌ በሆነው ላይ ነው።

መ. ማሸግ

ፕሮግራም ሲዘጋጅ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ፋይል ብቻ አይደለም። ዋናው ፕሮግራም፣ አጋዥ ፋይሎቹ፣ መመሪያውና ሥዕሎቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ከነዚህ አንዱ ቢረሳ ፕሮግራሙ ጎደሎ ይሆናል። ስለሆነም ሁሉንም በአንድነት ማሸግ ያስፈልጋል። ታር የተባለው የማሸጊያ ፕሮግራም ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል፤ ስሙም በቴፕ ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። በቴፕ ማስቀመጥ እየቀረ ቢሄድም ታር ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በ1993 በኢያን መርዶክ የተጀመረው ዴቢያንና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፣ ከዚህ የተሻለ አስተሻሸግ ይጠቀማሉ። በእነርሱ ዘንድ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ መግለጫ አለው። መግለጫው የጥቅሉን ስም፣ የዕትሙን ቁጥር፣ የታሰበለትን የፕሮሰሰር ወገንና አስቀድመው ሊኖሩ የሚገባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ይዘረዝራል። ኮምፒዩተሩም መግለጫውን አንብቦ የጎደለ ነገር ካለ ይናገራል፤ የትኛው ፋይል የት እንደ ተቀመጠም ስለሚመዘግብ፣ ጥቅሉ ሳይፈለግ ሲቀር አንድም ፋይል ሳይረሳ ያነሣዋል።

ሁሉም ጥቅል ግን የፕሮሰሰር ወገን አይመርጥም። ለምሳሌ ያህል አቢሲኒካ የተባለው የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ በዴቢያን ጥቅሎች መካከል ይገኛል። የፊደል ቅርጽ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስላልሆነ፣ በመግለጫው ላይ ለሁሉም የሚሆን ተብሎ ይጻፋል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተሰጠው ቁጥር በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ነው። ስለዚህ በወረታ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ የፕሮሰሰሩ ወገን ምንም ይሁን ምን በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ሊነበብ ይችላል።

ሠ. ማረጋገጥ

ጥቅል በፍላሽ ወይም በኔትወርክ ሲጓዝ ሊበላሽ ይችላል፤ ክፉ ሰውም ሊለውጠው ይችላል። ይህን ለመለየት ሻ 256 የተባለ የስሌት ዘዴ አለ። ዘዴው የፈለገውን ያህል ትልቅ ከሆነ ፋይል 64 አኀዞችና ፊደሎች ያሉት አንድ መለያ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አዘጋጁ መለያውን አስቀድሞ ይጽፈዋል፤ ተቀባዩም በራሱ ኮምፒዩተር አስልቶ ያመሳክረዋል። ሁለቱ ከተስማሙ ጥቅሉ በመንገድ አልተለወጠም ማለት ነው።

ነገር ግን መለያው አንድ ነገር አይነግረንም። ጥቅሉ በመንገድ አለመለወጡን ያረጋግጣል እንጂ፣ ገና ከመነሻው ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። በመጋቢት 2024 የደረሰው ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤክስዚ የተባለው ፋይል የመጭመቂያ መሣሪያ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። በመሣሪያው ሥራ ከሁለት ዓመት በላይ በመሳተፍ አመኔታ ያተረፈ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ዕትሞች ውስጥ ለሰርጎ ገብ በር የሚከፍት ስውር ትእዛዝ ደበቀ። ጥቅሉ ከአዘጋጆቹ እጅ እንደ ወጣ ስለ ነበር የማመሳከሪያ መለያው ምንም ጉድለት አላሳየም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ግን ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። «ግማሽ ሴኮንድ ምን ትጎዳለች?» ብሎ አላለፈውም። ምክንያቱን ተከታትሎ ስውሩን ትእዛዝ አገኘ፤ መጋቢት 29 ቀንም ለዓለም አስታወቀ። አደገኛዎቹ ዕትሞች በዚያን ጊዜ የደረሱት በአብዛኛው ወደ ሙከራ ሥርዓቶች ብቻ ስለ ነበር፣ ትልቅ ጥፋት ሳይደርስ ቀረ።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ጥቅልም እንደዚሁ ነው። ከማን እንደ መጣ፣ ከየትኛው ምንጭ ጽሑፍ እንደ ተዘጋጀና ማን እንዳዘጋጀው መታወቅ አለበት።

ረ. ማዳረስ

የመጨረሻው ደረጃ የተዘጋጀውን፣ የታሸገውንና የተረጋገጠውን ጥቅል ወደ ኮምፒዩተሮቹ ማድረስ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ይህ ከአንድ ሰርቨር ላይ ይከናወናል። ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በ1996 የወጣው አርሲንክ ነው። አርሲንክ አንድ ፋይል ሲሻሻል መላውን ፋይል በመላክ ፈንታ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ፣ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቦታ በጣም ይጠቅማል። ኔትወርክ በሌለበትም ፍላሽ ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ አለመቸኮል ነው። ጥቅሉ በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይጫን። አንድ ሁለት ቀን ይሞከር። ችግር ካልታየበት በሦስት ወይም በአራት ላይ ይጫን። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ይዳረስ። የቀድሞውም ዕትም አይጣል፤ አዲሱ እንከን ቢገኝበት ወዲያውኑ ለመመለስ ያስችላልና። የትኛው ኮምፒዩተር የትኛውን ዕትም በየትኛው ቀን እንደ ተቀበለም በመዝገብ ይጻፍ።

ይህን ደንብ መተላለፍ የሚያስከትለውን ጉዳት ሐምሌ 19 ቀን 2024 ዓለም ሁሉ አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለደኅንነት ፕሮግራሙ ያዘጋጀውን ማሻሻያ በየአገሩ ላሉ ደንበኞቹ በአንድ ጊዜ ላከ። በማሻሻያው ውስጥ ስሕተት ስለ ነበረ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች መሥራት አቆሙ። ኮምፒዩተሮቹ በዊንዶውስ እንጂ በሊኑክስ የሚሠሩ አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። በዚያን ቀን አውሮፕላኖች በየጣቢያው ቆሙ፤ በሆስፒታሎችና በባንኮችም ሥራ ተስተጓጎለ። ኩባንያውም ከዚያ ወዲህ ማሻሻያዎቹን በየደረጃው ለመላክ ወሰነ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙዎች የሚዳረስ ሥራ ድካምን ያቃልላል፤ ይሁን እንጂ በጎነቱ እንደሚባዛ ሁሉ ስሕተቱም ይባዛል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተፈጸመ ስሕተት አንድ ተማሪን ያስቸግራል፤ በጥቅል ውስጥ የገባ ስሕተት ግን 30ውንም በአንድ ቀን ያስቆማል። ስለዚህ ለብዙዎች የሚያዘጋጅ ሰው፣ ለራሱ ብቻ ከሚያዘጋጅ ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ መመርመር፣ ብዙ ጊዜ መሞከርና የሠራውን ሁሉ በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል።

መልመጃ

1. ምንጭ ጽሑፍ ከነቅርፊቱ ባለ ሩዝ የተመሰለው ለምንድን ነው? ንጽጽሩ ዘርን በሚመለከት ምን ያስተምራል?
2. ለመጀመሪያው የኤክስኦ ሞዴል የተዘጋጀ ፕሮግራም በኤክስኦ 1.75 ላይ የማይሠራበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግለጹ።
3. «የማመሳከሪያ መለያው ትክክል ከሆነ ጥቅሉ ፍጹም አስተማማኝ ነው» ቢባል ትስማማላችሁን? ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሳችሁ አስረዱ።
4. «ስለዚህ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። እያንዳንዱ አያያዥ ከፊቱ ያለውን ሐሳብ ከኋላው ካለው ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ ተናገሩ።
5. በአካባቢያችሁ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ለብዙ ሰዎች ከሚዳረሱ ነገሮች አንዱን ምረጡ። አዘገጃጀቱን፣ አስተሻሸጉን፣ አመራመሩንና አዳረሱን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ፣ ጥንቃቄ ቢጎድል የሚደርሰውን ጉዳት አሳዩ።